በበዓል ቀን ውሻዎን ማረጋጋት፣ ልጆችንና እንግዶችን ከንክሻ መጠበቅ

በዓል ሲደርስ ቤቱ ይለወጣል። የግቢው በር ደጋግሞ ይከፈታል፣ በግ ይታረዳል፣ ዘመድ ልጆቹን ይዞ ይመጣል፣ ምሽት ላይ ርችት ይተኮሳል። ለእኛ ደስታ የሆነው ይህ ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ግቢ ሲጠብቅ ለኖረ ውሻ ግን ግራ የሚያጋባ ነው።

ብዙዎቻችን የሚነክሰው ባለቤት የሌለው የመንገድ ውሻ ብቻ ይመስለናል። ልጆችን የሚነክሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚያውቁት ውሻ ነው። ይህ ጽሑፍ ውሻዎን በበዓል ቀን እንዴት እንደሚያረጋጉ፣ ንክሻ ቢደርስ ደግሞ ወዲያውኑ ምን ማድረግ እንዳለብዎት ያስረዳል።

ውሻ በበዓል ለምን ይረበሻል?

የውሻ የመስማትና የማሽተት ችሎታ ከሰው በእጅጉ ይበልጣል። ስለዚህ የርችት ድምፅ፣ በቡሄ የሚጮኸው ጅራፍ፣ የሆያ ሆዬ ልጆች መሬት የሚደበድቡበት ዱላ፣ የደመራና የችቦ ጭስ ያስደነግጡታል። የደምና የሥጋ ሽታ ደግሞ ያስጎመጀዋል፤ ያገኘውን አጥንት ለመከላከልም ይዘጋጃል። በሰንሰለት የታሰረ ውሻ ሲፈራ መሸሽ ስለማይችል ያለው አማራጭ መጮኽና መንከስ ብቻ ይሆናል።

ከመንከሱ በፊት የሚታዩ ምልክቶች

ውሻ በአብዛኛው ሳያስጠነቅቅ አይነክስም። የሚከተሉትን ካዩ ሰው ከአጠገቡ ያርቁ፦

• ሳይደክመው ደጋግሞ ማዛጋት ወይም ከንፈሩን መላስ
• ፊቱን ማዞር፣ የዓይኑ ነጭ ክፍል መታየት
• ጆሮውን ወደ ኋላ ማጠፍ፣ ጭራውን በእግሮቹ መካከል መሸጎጥ
• መንቀጥቀጥ፣ መደበቅ ወይም ድርቅ ብሎ መቆም
• ማጉረምረም፣ ጥርሱን ማግጠጥ

ስላጉረመረመ አይምቱት። ማጉረምረም “አትቅረቡኝ” ማለቱ ነው። ባጉረመረመ ቁጥር የሚመታ ውሻ ማስጠንቀቁን ሊተውና በቀጥታ ሊነክስ ይችላል።

ከበዓሉ በፊት

• ክትባቱን ያረጋግጡ። ውሻዎ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካልወሰደ ወይም ጊዜው ካለፈ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይውሰዱት። የመጀመሪያው ክትባት መከላከያ እስኪገነባ ጊዜ ስለሚወስድ ከበዓሉ ቢያንስ 1 ወር ቀደም ማለት ይመረጣል። የክትባት ካርዱን በቀላሉ የሚገኝ ቦታ ያስቀምጡ።
• ማረፊያ ያዘጋጁለት። ጓሮ ያለ የውሻ ቤት ወይም በር ያለው ክፍል ሊሆን ይችላል። ከበሩ፣ ከእርዱና ከመጸዳጃ ቤቱ መንገድ የራቀ ይሁን። እንግዳ በመጣ ዕለት ብቻ እስር እንዳይመስለው ቀናት ቀድመው ያለማምዱት።
• ኃላፊ ይመድቡ። “ሁሉም ያየዋል” የተባለውን ውሻ ብዙ ጊዜ ማንም አያየውም። ውሻው የሚታዘዘው አንድ አዋቂ ሰው ዕለቱን ይከታተለው።

በበዓሉ ዕለት

ጠዋት እንግዳ ሳይመጣ ያንሸራሽሩትና ያብሉት። ከዚያም የመጀመሪያው እንግዳ በር ከማንኳኳቱ በፊት ወደ ማረፊያው ያስገቡት። ውሃ፣ ጥላና የሚያኝከው ነገር ይኑረው። እንግዳ በር ላይ ቆሞ “ውሻውን እሰሩልኝ” ሲል ለማሰር መሯሯጥ ውሻውንም ሰውንም ያስደነግጣል።

በቡሄና በእንቁጣጣሽ ልጆች እየዘፈኑ ከቤት ቤት ስለሚዞሩ የግቢውን በር ሳይታይ ክፍት አይተዉት። ምሽት ላይ ውሻውን የሚፈቱ ከሆነ የመጨረሻው እንግዳ መውጣቱን አስቀድመው ያረጋግጡ። ርችት በሚተኮስበት ሰዓት መስኮት ዘግተው ሬዲዮ ቢከፍቱለት ድምፁ ይቀንስለታል። ለማረጋጋት ብለው የሰው ማስታገሻ መድኃኒት ወይም ጠላ በፍጹም አይስጡት፤ ሊመርዘው ይችላል።

ለልጆች የሚነገር

ከ5 ወይም 6 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከውሻ ጋር ብቻውን መተው የለበትም፤ ውሻው የቱንም ያህል ጨዋ ቢሆን። የትንሽ ልጅ ፊት ከውሻው አፍ ጋር ትይዩ በመሆኑ ንክሻው ጭንቅላት፣ ፊትና አንገት ላይ የማረፍ ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ልጆችን እንዲህ ብለው ያስተምሯቸው፦

• ሲበላ፣ ሲተኛ ወይም ቡችሎቹን ሲያጠባ አትንኩት።
• አትቀፉት፣ ጭራውን አትጎትቱ፣ አጥንት አትቀሙት።
• ቢመጣባችሁ አትሩጡ። እጃችሁን ሰብስባችሁ እንደ ዛፍ ቁሙ፤ ዓይኑን ትኩር ብላችሁ አትዩት።

የእርድ ተረፈ ሥጋና አጥንት

በጉ ወይም የቅርጫው በሬ ሲታረድ ጥሬ ሳንባና ጉበት ለውሻ መወርወር የተለመደ ነው። በእነዚህ አካላት ላይ አንዳንድ ጊዜ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች ይታያሉ። ውሻ እነዚህን ሲበላ በአንጀቱ ውስጥ ጥቃቅን የኮሶ ዘር የሆኑ ትሎች ይራባሉ፤ እንቁላላቸው ከሰገራው ጋር ይወጣል። እንቁላሉ በእጅ፣ በአትክልት ወይም በውሃ አማካይነት ወደ ሰው አፍ ከገባ በጉበትና በሳንባ ላይ ለዓመታት ቀስ እያለ የሚያድግ ከረጢት ይፈጥራል። ሃይዳቲድ የሚባለው ይህ በሽታ ቀዶ ሕክምና እስከ ማስፈለግ ይደርሳል። ስለዚህ ከረጢት የታየበትን ሥጋ ያቃጥሉ ወይም ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው በጥልቀት ይቅበሩ። ሌላውንም ተረፈ ሥጋ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ሳይቀቅሉ አይስጡ። ለውሻዎ የትል መድኃኒት ያሰጡ፤ ውሻ ከነኩ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብም አይርሱ።

የዶሮ ወጥ አጥንትም አይስጡት። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ ጉሮሮውንና አንጀቱን ሊወጋው ይችላል፤ ወጡ ውስጥ ያለው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ለውሻ መርዛማ ነው።

ውሻ ከነከሰ ወዲያውኑ ምን ይደረግ?

የእብድ ውሻ በሽታ በቫይረስ የሚመጣ ሲሆን ወደ ሰው በዋናነት የሚተላለፈው በውሻ ንክሻ ነው። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ከመታየቱ በፊት በጊዜ የተሰጠ ክትባት ግን ሕይወትን ያተርፋል።

1. ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠቡ። ሰዓት ይያዙ፤ 15 ደቂቃ ከሚያስቡት ይረዝማል። ትንሽ ጭረትም ቢሆን ይታጠብ።
2. ካለዎት አዮዲን ወይም አልኮል ያድርጉበት። ቡና፣ ጨው፣ ቅቤ፣ አመድ ወይም ቅጠል አያድርጉበት።
3. በዚያኑ ዕለት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። በአቅራቢያዎ ያለው ጤና ጣቢያ ክትባቱ ከሌለው የት እንደሚገኝ ይጠይቁና ወደዚያው ይሂዱ።
4. ውሻውን አይግደሉት። ታስሮ ለ10 ቀን ይታይ። በ10 ቀን ውስጥ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ጊዜ በሽታውን አያስተላልፍም ነበር ማለት ነው። ይሁን እንጂ ይህን እየጠበቁ ሕክምናውን አያዘግዩ፤ ክትባቱ ይቀጥል ወይም ይቁም የሚለውን ሐኪሙ ይወስናል።

ሐኪሙ የእብድ ውሻ ክትባት፣ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያና እንደ ቁስሉ ሁኔታ አንቲባዮቲክ ሊያዝልዎት ይችላል። ደም ላፈሰሰ ንክሻ ኢሚውኖግሎቡሊን የሚባል ተጨማሪ መድኃኒት በቁስሉ ውስጥና ዙሪያ ይወጋል። ክትባቱ በአንድ መርፌ አያበቃም፤ በካርድዎ ላይ የተጻፉትን ቀናት በሙሉ ይጨርሱ። ነፍሰ ጡርነት፣ ማጥባት ወይም ሕፃን መሆን ክትባቱን አይከለክልም።

ንክሻው ደም በብዛት ካፈሰሰ ወይም ፊት፣ አንገት ወይም እጅ ላይ ከሆነ ጉዳዩ አስቸኳይ ነው። የተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ወይም አፍና ዓይን ውስጥ የውሻ ምራቅ ከገባም ያለ ንክሻ ሕክምና ያስፈልጋል።

ይሉኝታ ሕይወት እንዳያስከፍል

የበዓል ንክሻን ከሌላው የሚለየው ይህ ነው፤ የነከሰው የጋባዡ ውሻ ነው። የተነከሰው እንግዳ “ምንም አይደል፣ ትንሽ ነው” ይላል። ባለቤቱ “የኛ ውሻ ነው፣ ከግቢ አይወጣም፣ ምንም የለበትም” ብሎ ያጽናናል። ልጁም እንዳይቆጡት ቁስሉን በሱሪው ይሸፍናል። ቤተሰቡ በዓሉ እንዳይበላሽ ለነገ ያሳድረዋል፤ ነገ ደግሞ ይረሳል። በሽታው ምልክት ሳያሳይ በአብዛኛው ለ2 ወይም 3 ወር ሊቆይ ስለሚችል፣ ሕመሙ ሲጀምር ንክሻው ከቤተሰቡ ትውስታ ወጥቶ ይሆናል።

ስለዚህ ጋባዥ ከሆኑ ቀዳሚው እርስዎ ይሁኑ። ቁስሉን አጥበው እንግዳዎን ራስዎ ወደ ሕክምና ይውሰዱ፤ የውሻውን የክትባት ካርድም ይያዙ። እንግዳ ከሆኑ መሄድዎን እንደ ክስ አይቁጠሩት። ከልጆችዎ ጋር ወደ ቤት ሲመለሱ “ውሻው ነክቷችኋል ወይ?” ብለው ይጠይቋቸው፤ እንደማይቆጧቸውም ይንገሯቸው። ቀናት ወይም ሳምንታት ካለፉም “አሁንማ አልፏል” ብለው አይተዉት፤ ምልክት እስካልታየ ድረስ ክትባቱ አሁንም ይጠቅማል።

የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28 ይከበራል፤ በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 18፣ የመስቀል ማግስት ነው። የውሻዎን ክትባት ለማስታወስ ይህንን ቀን ምልክት ቢያደርጉት ይጠቅምዎታል።