ጥርስ መሳዩ አጥንት

«አይሆንም» ለማለት ራሳችንን ግራና ቀኝ ስናወዛውዝ፣ የአንገታችን ዙረት ግማሽ ያህሉ የሚገኘው ከሁለት አጥንቶች ብቻ ነው። ከሰባቱ የአንገት አከርካሪዎች የላይኛው አትላስ ይባላል፤ በግሪኮች አፈ ታሪክ ሰማይን እንዲሸከም የተፈረደበት ባለታሪክ ስም ነው። አጥንቱ የሚሸከመው ግን ጭንቅላትን ነው። ቅርጹም ቀለበት ነው። ከሥሩ ያለው አክሲስ ደግሞ ሽቅብ የበቀለ፣ ጥርስ የሚመስል ጉጥ አለው። ቀለበት ጣት ላይ እንደሚዞር አትላስም በዚህ ጉጥ ዙሪያ ይዞራል። አንድ ጠንካራ ጅማት ጉጡን ከኋላ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ከጅማቱ ኋላ ኅብለ ሰረሰር ያልፋል።

ጉጡ ሲፈጠር ወጥ አይደለም። ከአክሲስ ጋር የሚዋሃደው ከ3 እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው፤ ጫፉ ግን ሳይዋሃድ እስከ 12 ዓመት ገደማ ይቆያል። ስለዚህ የትንሽ ልጅ ራጅ ላይ የሚታይ ክፍተት ስብራት ሊመስል ይችላል። በጥቂት ሰዎች ግን ጉጡ ተነጥሎ፣ ዙሪያው የለሰለሰ ትንሽ አጥንት ሆኖ ይቀራል። ኦስ ኦዶንቶይዲየም ይሉታል። አብሮ የተወለደ ነው ወይስ በሕፃንነት ተሰብሮ የተረሳ? ሐኪሞች አሁንም ይከራከራሉ፤ ለሁለቱም ማስረጃ አለ። የአትላስ ቀለበት ከኋላ ሳይገጥም የሚቀርበትም ሰው አለ፤ ይህኛው አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም።

የቀለበቱ ውስጥ ሲሦው ለጉጡ፣ ሲሦው ለኅብለ ሰረሰር፣ ሲሦው ባዶ ነው። ጉጡ የተነጠለባቸው ብዙዎች ምንም ሳይሰማቸው የሚኖሩት በዚህ ባዶ ቦታ ምክንያት ይመስለኛል። መልሕቁን ያጣው አትላስ ወዲያና ወዲህ ሲንሸራተት ግን ቦታው ይጠባል፤ እጅ ይደነዝዛል፣ እግር ይዝላል፣ አረማመድ ይበላሻል። እንዲህ ላለ ሰው አንገትን ቀጭ እስኪል መጠምዘዝ፣ በወጌሻም ይሁን በፀጉር ቤት፣ እጅግ አደገኛ ነው።

ምርመራው የሚጀምረው አንገት ሲጎነበስና ሲቃና በሚነሣ ራጅ ነው። ሲቲ ስካን አጥንቱን፣ ኤምአርአይ ኅብለ ሰረሰሩን ያሳያል። የማይንሸራተት፣ ሕመምም የሌለው ከሆነ ክትትል ይበቃዋል። ኅብለ ሰረሰር ከተጫነ ሁለቱ አጥንቶች በብሎን ታስረው እንዲዋሃዱ ይደረጋል። ዋጋው ያ ግማሽ ዙረት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሰውየው በጎኑ ሲጠሩት ከነትከሻው ይዞራል።