የፀሐይ መብራትን ከመብረቅ የሚያድነው የመሬት ሽቦ

በገጠሩ ቤት ጣሪያ ላይ የሶላር ፓኔል መታየቱ እንግዳ ነገር መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። በ1990ዎቹ ዓመታት ማብቂያ በሰሜን ሸዋ በሬማ የፀሐይ መብራት በየቤቱ መግባቱ ይታወሳል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራምም ከአገሪቱ ሕዝብ 35 ከመቶ ለሚሆነው ኃይል ከዋናው መስመር ውጪ፣ በአመዛኙም ከፀሐይ፣ እንዲዳረስ አቅዶ ነበር። ዛሬ ኩራዝ በአምፖል የተተካባቸው፣ የጤና ኬላው የክትባት ማቀዝቀዣና የመስኖው ውሃ መሳቢያ ሳይቀሩ በፀሐይ ኃይል የሚሠሩባቸው ቀበሌዎች ጥቂት አይደሉም።

ይሁን እንጂ ከዕቃው ጋር ብዙ ጊዜ ተሟልቶ የማይመጣ አንድ ነገር አለ። ይኸውም ፓኔሉንና መሣሪያውን ከምድር ጋር የሚያገናኘው የመሬት ሽቦ ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ግራውንድ ይሉታል። ይህ ሽቦ ብርሃን አይሰጥም፤ ስልክም አይሞላም። ስለዚህ ገዢው አይጠይቀውም፤ ሻጩም አያነሳውም። አለመኖሩ የሚታወቀው ክረምት ገብቶ በመንደሩ አጠገብ መብረቅ የወደቀ ዕለት ነው። ያን ጊዜ ባትሪውን የሚቆጣጠረው ኮንትሮለር ይቃጠላል፤ ቤተሰቡም ወደ ኩራዙ ይመለሳል። ዕቃው በብድር የተገዛ ከሆነ ደግሞ መብራቱ ጠፍቶ ዕዳው ይቀራል።

የጉዳቱ መንገድ

አንድ መብረቅ አብዛኛውን ጊዜ 30 ሺህ አምፔር ያህል ኤሌክትሪክ ይዞ ይወርዳል። በሶላር የሚበራ አንድ አነስተኛ አምፖል ግን የሚፈልገው 1 አምፔር እንኳ አይሞላም። በመሆኑም መብረቅ በቀጥታ ያረፈበት የቤት ሶላር ይተርፋል ተብሎ ተስፋ አይደረግም። “ይህ ዕቃ መብረቅ አይነካውም” የሚል ሻጭ ቢኖር ቃሉ ሊታመን አይገባም።

ይሁንና ብዙው ጉዳት የሚደርሰው በቀጥታ ከሚመታው መብረቅ ሳይሆን በአቅራቢያ ከሚወድቀው ነው። መብረቁ ከቤቱ ራቅ ባለ ባሕር ዛፍ ላይ ቢያርፍ እንኳ፣ ከፓኔሉ ወደ ቤት በሚገቡት ሽቦዎች ውስጥ ድንገተኛ ኃይል ይቀሰቅሳል። ለ12 ቮልት የተሠራው ኮንትሮለር በቅጽበት በሺህ የሚቆጠር ቮልት ሊደርሰው ይችላል። መፍትሔ የሚገኝለትም ይኸኛው ጉዳት ነው።

የመሬት ሽቦው ሥራ ለዚህ ድንገተኛ ኃይል ቀላል መንገድ መስጠት፣ በመሣሪያውና በሰው አካል በኩል ሳይሆን በሽቦው በኩል ወደ ምድር እንዲገባ ማድረግ ነው። የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ዝናቡን አያስቀረውም፤ ማሳውን ግን ያድናል። የመሬት ሽቦም እንዲሁ ነው። “ሽቦው መብረቅ ይጠራል” የሚለው አስተያየት ትክክል አይደለም። መብረቅ ለመውደቅ የመሬት ሽቦን አይጠብቅም፤ ሽቦው ከሌለ ግን የራሱን መንገድ በግድግዳና በዕቃ መካከል ይፈልጋል።

ዘንጉና ሽቦው

ለዚህ ሥራ የሚመረጠው በመዳብ የተለበጠ የብረት ዘንግ ሲሆን፣ ርዝመቱ ከ1.5 እስከ 2.4 ሜትር፣ ውፍረቱም 16 ሚሊ ሜትር ያህል ቢሆን መልካም ነው። ዘንጉ ከቤቱ መሠረት አንድ ሜትር ያህል ርቆ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪቀበር ድረስ ይመታል። ቦታው ርጥበት የማይለየው ቢሆን ይመረጣል። ነገር ግን ሰዎች የሚቆሙበት ደጃፍ፣ የከብት በረት ወይም የልጆች መጫወቻ መሆን የለበትም። ምክንያቱም መብረቅ ወደ ምድር በሚገባበት ሥፍራ ዙሪያ ኃይሉ በአፈሩ ላይ ስለሚሰራጭ ነው። በፊትና በኋላ እግራቸው መካከል ሰፊ ርቀት ያላቸው ከብቶች በዚህ ሳቢያ ከሰው ይበልጥ ይጎዳሉ።

የአፈሩ ዓይነትም ይታሰብበታል። ውሃ የሚይዘው መረሬ ወይም ዋልካ ኤሌክትሪክን በቀላሉ ያስተላልፋል። አሸዋማና ድንጋያማ መሬት ግን ያስቸግራል። ዘንጉ አለት ካጋጠመው ቆርጦ መጣል ሳይሆን፣ ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍሮ ልባስ የሌለው የመዳብ ሽቦ በርከት ባለ ሜትር ርዝመት መቅበር ይቻላል። ወይም ሁለት ዘንጎችን ቢያንስ በአንዱ ቁመት ልክ አራርቆ በመትከል በሽቦ ማያያዝ ይሆናል። በዘንጉ ዙሪያ ጨው መጨመር ለጊዜው ቢረዳም በዝናብ ከመታጠቡ በላይ ብረቱን ይበላዋል። ባለሙያ በመለኪያ በሚፈትሽበት ጊዜ የመሬቱ ተቃውሞ ከ10 ኦም በታች ቢሆን ይመረጣል።

ከፓኔሉ ወደ ዘንጉ የሚወርደው ሽቦ 16 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ቢሆን አስተማማኝ ነው። አጭርና ቀጥ ያለ ይሁን። መብረቅ በጥቅልና በሹል እጥፋት ውስጥ ማለፍ ስለሚከብደው ወደ ሌላ ነገር ይዘላል፤ በመሆኑም የተረፈን ሽቦ ጠቅልሎ መስቀል አይገባም። የፓኔሉ ክፈፍ አልሙኒየም ስለሆነ መዳብ በቀጥታ ከተነካካው በዝናብ ይበላል። ስለዚህ በክፈፉ ላይ የመሬት ምልክት ባለበት ቀዳዳ፣ በቆርቆሮ ቅብ በተለበጠ ማያያዣና በማይዝግ ብሎን መታሰር ይኖርበታል።

ሁሉም በአንድ ምድር

ብዙ ጊዜ ስህተት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። ለፓኔሉ አንድ ዘንግ፣ ለቴሌቪዥኑ ዲሽ ሌላ ዘንግ ለየብቻ ይተከላል። መብረቅ በአቅራቢያ ሲወድቅ በሁለቱ ዘንጎች ሥር ያለው የመሬት ቮልቴጅ እኩል አይሆንም፤ ልዩነቱም በቤት ውስጥ ባለው መሣሪያ በኩል ያልፋል። የፓኔሉ ክፈፍ፣ የብረት ማቆሚያው፣ የዲሹ ምሰሶ፣ የኢንቨርተሩ ቀፎና የቆርቆሮው ጣሪያ በአንድ የመሬት መስመር መገናኘት ይገባቸዋል። ሁለት ዘንጎች ካሉም እርስ በርሳቸው ይታሰሩ።

የባትሪው ወይም የፓኔሉ ኔጋቲቭ ሽቦ ግን የመሣሪያው መመሪያ ሳይፈቅድ ከምድር ጋር መያያዝ የለበትም። እንዲህ ሲደረግ የሚበላሹ ኮንትሮለሮች አሉ።

ከዚህም ሌላ ሰርጅ ፕሮቴክተር የሚባለው አነስተኛ መሣሪያ ከፓኔሉ በሚመጣው መስመር ላይ፣ ከኮንትሮለሩ በፊት ይገባል። ድንገተኛውን ኃይል ወደ ምድር የሚያስወግደው እርሱ ነው፤ የመሬት ሽቦ ከሌለው ግን ሥራ የለውም። በብዙዎቹ ላይ ያለችው መስኮት አረንጓዴ መሆኗ ቀርቶ ቀይ ስትሆን መሣሪያው አገልግሎቱን ጨርሷልና ይቀየር። የፓኔሉ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ሽቦዎችም ተራርቀው ሳይሆን ተጎንጉነው መምጣት አለባቸው። ይህ ወጪ የለውም፤ የሚቀሰቀሰውን ኃይል ግን ይቀንሳል።

ሣር ክዳን ባለው ቤት ፓኔሉን በክዳኑ ላይ ከማሰር ይልቅ፣ ከቤቱ ፈንጠር ብሎ በተተከለ ምሰሶ ላይ ማድረግ ይመረጣል። ለአንድ ፋኖስ የሚሆነውን ትንሽ ፓኔል በሚመለከት ዘንግ መትከል አያስፈልግም። ደመናው ከመክበዱ በፊት ሶኬቱን ነቅሎ ፓኔሉን ወደ ቤት ማስገባት ይበቃል። በትላልቆቹም የፓኔሉን መስመር ነቅሎ ማራቅ ይረዳል፤ ሆኖም ይህ የሚደረገው ነጎድጓዱ ከመቅረቡ በፊት ነው። ፓኔሉ በጨርቅ ተሸፍኖ መጀመሪያ እርሱ ይነቀላል፤ ባትሪው የሚነቀል ከሆነ መጨረሻ ይሆናል። ሲመለስ ባትሪው ይቀድማል።

ነጎድጓድ ከጀመረ በኋላ ግን ሽቦ መንካት ክልክል ነው። ብልጭታው ከታየበት እስከ ድምፁ 3 ሰከንድ ከተቆጠረ መብረቁ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ርቋል ማለት ነው። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። መብረቅ በመታው ሰው አካል ላይ የሚቀር ኤሌክትሪክ የለም፤ ስለዚህ ሳይፈሩ ወዲያው ሊረዱት፣ ትንፋሹና የልብ ትርታው ከቆመም ደረቱን ደጋግሞ በመጫን ሊያነቁት ይገባል።

ከማኅበራት መሪዎች የሚጠበቀው

ይህን ሥራ እያንዳንዱ ቤተሰብ ለብቻው እንዲወጣው መተው አይበጅም። የመጀመሪያው እርምጃ የሚወሰደው በግዢ ጊዜ ነው። ማኅበሩ ወይም ቀበሌው ከሻጭ ጋር በሚዋዋልበት ጊዜ ዘንጉ፣ ሽቦው፣ ሰርጅ ፕሮቴክተሩና የተከላው ሥራ በውሉ ላይ በግልጽ እንዲሰፍሩ ማድረግ ይገባል። ቁፋሮው በአባላት ጉልበት ሊሸፈን ይችላል፤ የመዳቡ ዋጋም በጋራ ሲገዛ ይቃለላል። ገንዘቡ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ ብዙ ሰው ለሚጠቀምባቸው ለጤና ኬላው፣ ለትምህርት ቤቱና ለውሃ መሳቢያው ቅድሚያ መስጠት ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ቁጥጥር ነው። ከየቀበሌው አንድ ሁለት ወጣቶች ከኤሌክትሪክ ባለሙያ ጋር ሆነው ሥራውን ቢማሩ፣ በየዓመቱ የበልግ ዝናብ ከመጀመሩ በፊት እየዞሩ የላላ ብሎን፣ የዛገ ማያያዣና የተቆረጠ ሽቦ ሊመለከቱ ይችላሉ። መዳብ ዋጋ ያለው በመሆኑ ለስርቆትም ይጋለጣል፤ ከመሬት በላይ ያለው ክፍል በቧንቧ ውስጥ ቢያልፍ ይጠበቃል።

በአንድ ቀበሌ ስንት ሶላር እንዳለ መሪዎቹ ሳያውቁት አይቀሩም። ከእነዚህ መካከል የመሬት ሽቦ ያላቸው ስንት እንደሆኑ ቆጥሮ መመዝገብ ግን ከክረምቱ በፊት መጠናቀቅ የሚገባው ሥራ ነው።