የዜማ ሰውና የመሣሪያው ጉዞ

ሠርግ የደገሰ ሰው ስለ ድንኳኑና ስለ ጠላው አስቀድሞ ያስባል፤ አዝማሪውም በዕለቱ ከእድምተኛው መካከል ቆሞ እንዲያዜም ይጠብቃል። ነገር ግን ያ አዝማሪ ከየት ተነሥቶ፣ በምን ተጉዞ፣ መሣሪያውንስ በምን ሸፍኖ እንደ መጣ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ነቢዩ ኤልሳዕ በገና የሚመታ ሰው እንዲያመጡለት ባዘዘ ጊዜ፣ ሦስቱ ነገሥታት የሰፈሩት ውሃ በሌለበት ምድረ በዳ ነበረ፤ ባለበገናውም ተገኘ። ይህም ሰውየው በገናውን ይዞ ከሠራዊቱ ጋር እንደ ተጓዘ ያስረዳል። ስሙ ባይጻፍም፣ ለነቢዩ ቃል የመጣለት እርሱ በገናውን ሲመታ ነው።

መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ ምዕራብ፣ በቦረና ደጋ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በምዕራቧ መሬቱ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። አገሩን ገደልና ወንዝ ስለሚቈራርጠው፣ ዓይን በአንድ ጊዜ የሚያየውን መንደር እግር ግማሽ ቀን ይደክምበታል። ማሲንቆ ለእንዲህ ያለው አገር የተፈጠረ ይመስላል። አካሉ እንጨትና ቆዳ፣ አውታሩም የፈረስ ጭራ ብቻ ስለ ሆነ፣ በትከሻ ተንጠልጥሎ ዳገት ይወጣል፤ ጭራው ቢበጠስም ፈረስ ካለበት ሌላ ይገኛል። ጠላቱ ዝናም ነው። ቆዳው ርጥበት ሲጠጣ ይረግባል፣ ድምፁም ይታፈናል። ስለዚህ አዝማሪው ራሱ እየበሰበሰ ጋቢውን ለማሲንቆው ያለብሰዋል፤ ከደረሰም በኋላ አስቀድሞ ወደ እሳት የሚያስጠጋው እጁን ሳይሆን ቆዳውን ነው። የጥር ሠርግ በደረቅ ወራት ስለሚውል ለመንገደኛው ይመቻል፤ ከፋሲካ በኋላ ያለው ግን በወሎ ደጋ የበልግ ዝናም የሚያገኘው ነው።

ላሊበሎች የሚባሉት ደግሞ ድምፃቸው ብቻ መሣሪያቸው ስለ ሆነ፣ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው ከደጅ ወደ ደጅ እያዜሙ ይዞራሉ። መንዙማ የሚያሰሙ ሙስሊሞችም ድቤአቸውን ተሸክመው ወደ መውሊድ ይሄዳሉ።

የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ለንግሥ በዓል ወደ ሌላ ደብር ሲሄዱ፣ መቋሚያቸውን ይመረኰዛሉ፣ ጸናጽላቸውንም በከረጢት ይይዛሉ፤ ከበሮው ግን ከባድ ስለ ሆነ ወጣቶች በትከሻ ይፈራረቁበታል። ሰፊው አፉ የመለኮት፣ ጠባቡ የትስብእት ምሳሌ መሆኑን ሊቃውንት ስለሚያስተምሩ፣ እንደ ማንኛውም ዕቃ በየትም አይጣልም። ዳዊት ታቦቱን በአዲስ ሠረገላ ባስጫነ ጊዜ በሬዎቹ ተሰናክለው ዖዛ ተቀሠፈ፤ በሁለተኛው ጊዜ ግን ሌዋውያን በትከሻቸው ተሸከሙት፣ መዘምራኑም በመሰንቆና በጸናጽል አጀቡት። ከዚህ የሚገኘው ምክር፣ የከበረው ነገር እንደ ተራ ጭነት የማይጫን መሆኑ ነው።

የዜማ ዕቃ ጉዞ በአገሪቱ ታሪክም ስፍራ አለው። ከዐድዋ ድል በኋላ የሩስያ ንጉሠ ነገሥት ለዐፄ ምኒልክ የላከው የናስ መሣሪያ ወደ አዲስ አበባ የገባው ባቡር ሳይኖር ነው፤ ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባም የገባው በ1909 ዓ.ም. ነውና። በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም የመጡት 40 የአርመን ልጆች ግን ሐዲዱ ከተዘረጋ በኋላ የመጡ ናቸው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ወደ ጀርመን አገር ተሻግረው ድምፃቸውን በሸክላ ሲያስቀርጹ፣ የኢትዮጵያ ዜማ ባለቤቱን በቤቱ ትቶ ብቻውን መጓዝ ጀመረ።

ዛሬ ከደሴ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የመኪና መንገድ አለ፤ ከዚያም ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎጃም የሚያደርስ መንገድ ወጥቷል። ይህ ታላቅ በረከት ነው፤ የቀናት ጉዞ ወደ ሰዓታት አጥሯልና። ሆኖም መኪናው ሁሉን እኩል አልጫነም። ደጋሹ ለድምፅ ማጉያውና ለጄኔሬተሩ አይሱዙ ይከራያል፤ አዝማሪውን ግን «እንደ ምንም ይምጣ» ይለዋል። በአውቶቡስ የተሳፈረም እንደ ሆነ፣ ረዳቱ ማሲንቆውን ተቀብሎ ፖርቶ መጋላ ላይ ከጆንያና ከፍየል ጋር ያስረዋል፤ ሲወርድም ቆዳው ተቀዶ ወይም አንገቱ ተሰብሮ ይገኛል። መሣሪያው የተሰበረበት አዝማሪ ከሠርጉ ቢደርስም እንዳልደረሰ ነው። መኪናው ከቆመበት እስከ ድንኳኑ ያለው መንገድ ደግሞ ዛሬም የእግርና የአህያ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ በየጊዜው ሲዘጋ፣ ከግብዣ ወደ ግብዣ በመጓዝ የሚኖረው ሰው እንጀራው ይቋረጥበታል።

ጉዳዩ የአንድ ሰው ድካም ብቻ አይደለም። የአዝማሪ ልጅ ሙያውን የሚማረው አባቱን በመንገድ እየተከተለ፣ በየድንኳኑ እያዳመጠ ነው። አምባሰልና ባቲ የተባሉት ቅኝቶች ስማቸውን ከወሎ ምድር ቢያገኙም፣ በመላ ኢትዮጵያ የታወቁት ተሸክመው የሚዞሩ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው። አባት መጓዝ ካቆመ ልጁ የሚከተለው የለም፤ ትምህርት ቤቱም ያለ ማስታወቂያ ይዘጋል።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ የሚገባው ሥራ አለ። ደጋሽ የሆነ ሰው የአዝማሪውን መሳፈሪያ ከዋጋው ለይቶ አስቀድሞ ይስጥ፤ በቀድሞ ዘመን የደላው ደጋሽ በቅሎ ይልክ እንደ ነበረ መኪናም የበቅሎዋ ምትክ ናትና። የማመላለሻ ሹማምንት የዜማ መሣሪያ በባለቤቱ ጭን ላይ፣ በመኪናው ውስጥ እንዲጓዝ ለባለመኪናዎች ቢያዙ፣ የመንግሥት ገንዘብ አይወጣበትም። ካህናትም ለከበሮ የሚሰጠውን ክብር ለሕዝቡ ሲያስተምሩ፣ አዝማሪ የሚለው ስም «ዘመረ» ከሚለው ግስ የወጣ መሆኑን ቢያስታውሱ፣ የተናቀው ሰው ይከበራል።

ደስታን ወደ ሰው ቤት የሚያደርስ ሰው፣ እርሱም በሰላም ሊደርስ ይገባዋል።