ድሩ ሲበጠስ የሚቆም ማሽን

ቶዮታ መኪና ከመሥራቱ በፊት የሽመና ማሽን ይሠራ ነበር። ስለ ኩባንያው የሚጽፉ ሰዎች ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሰው ወደ መኪናው ይሮጣሉ። እኔ ግን የቶዮታን ስም ምን እንዳቆመውና በኋላ ምን እንዳናጋው ለመረዳት መጀመሪያ ሽመናው ጋ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል ባይ ነኝ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሳኪቺ ቶዮዳ በ1867 ከናጎያ በስተምሥራቅ ባለ የገጠር መንደር ከአናጢ አባት ተወለደ። የመንደሩ ሴቶች፣ እናቱም ጭምር፣ ቤት ውስጥ በእጅ ይሸምኑ ነበር። ወጣቱ አናጢ ድካማቸውን ለማቃለል ሲሠራና ሲያፈርስ ቆይቶ በ1891 በአንድ እጅ ብቻ ለሚንቀሳቀስ የእንጨት መሸመኛ የፈጠራ መብት አገኘ። ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ በሞተር ኃይል የሚሠራውን አስከተለ። ትልቁ ሥራው ግን የመጣው በ1924 ነው፤ በዚህኛው ልጁ ኪቺሮም አብሮት ደክሞበታል።

ይህን ማሽን ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል። ድሩ ተወጥሯል፤ መወርወሪያው ማጉን ይዞ በድሩ መካከል ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። እስከዚህ ድረስ የሽሮ ሜዳ ሸማኔም አሳምሮ የሚያውቀው ሥራ ነው። ሳኪቺ የጨመረው ሁለት ነገር ነበር። ማጉ ሲያልቅ ማሽኑ ሳይቆም፣ ፍጥነቱንም ሳይቀንስ፣ መወርወሪያውን ራሱ በሌላ ይተካል። ከዚህም በላይ በእያንዳንዷ የድር ክር ላይ አንዲት ስስ ብረት ተሰክታለች። ክሯ እስከተወጠረች ድረስ ብረቷ ከፍ ብላ ትቆያለች፤ ክሯ ስትበጠስ ግን ትወድቅና የማሽኑን እንቅስቃሴ ትገታለች። ማንም ሳያዘው ማሽኑ ቀጥ ይላል። ቀድሞ አንዲት ክር ሳትታይ ብትበጠስ ማሽኑ የተበላሸ ጨርቅ ሲያመርት ሊውል ይችላል፤ ስለዚህ ዓይኑን ከድሩ የማይነቅል ሰው አጠገቡ መቆም ነበረበት። አሁን አንድ ሠራተኛ ከሠላሳ በላይ ማሽን መጠበቅ ቻለ፤ የሚፈልገው የቆመው ብቻ ነውና።

በ1929 ፕላት ብራዘርስ የተባለው የእንግሊዝ የሽመና ማሽን አምራች የፈጠራውን መብት በ100,000 ፓውንድ ለመግዛት ተዋዋለ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካን ለዓለም ያስተማረችው አገር ከጃፓናዊ አናጢ የማሽን ፈጠራ መብት መግዛቷ ነው። ለውሉ የተጓዘው ኪቺሮ ነበር፤ በዚያው ጉዞ የአሜሪካንና የአውሮፓን ፋብሪካዎች ተዘዋውሮ አየ። ሳኪቺ በሚቀጥለው ዓመት ሞተ፤ ልጁ ግን ልቡ ከሽመናው ወጥቶ መኪና ላይ አርፎ ነበር።

በዚያ ዘመን ጃፓን ውስጥ መኪና ማለት የአሜሪካ መኪና ነበር። በ1923 ታላቁ የካንቶ የመሬት መንቀጥቀጥ የቶኪዮን የባቡር መስመሮች ሲያወድም ከተማዋ የፎርድ የጭነት መኪኖችን አስመጥታ አውቶቡስ አድርጋ ሕዝቧን አመላለሰች። ከዚያ በኋላ ፎርድ ዮኮሃማ ላይ፣ ጄኔራል ሞተርስ ኦሳካ ላይ መገጣጠሚያ ከፈቱ። ኪቺሮ በ1933 በአባቱ ድርጅት ውስጥ የመኪና ክፍል አቋቁሞ የአሜሪካ መኪና እያስፈታ ማጥናት ጀመረ። በ1935 መጨረሻ ለገበያ የቀረበው ጂ1 የጭነት መኪና ግን ገና ጥሬ ነበር፤ በየመንገዱ ይቆም ነበር። የሽያጩ ኃላፊ ሾታሮ ካሚያ ከጄኔራል ሞተርስ የመጣ ሰው ስለነበር መኪናውን ካለበት ሄዶ በነጻ የማይጠግን ሻጭ ዳግመኛ እንደማይሸጥ ያውቃል። መኪና በቆመበት ሁሉ ጠጋኝ ይላካል፤ የተገኘው ጉድለትም ወደ ፋብሪካው ተመልሶ ይታረማል። ኩባንያው ነሐሴ 1937 ራሱን ችሎ ሲቋቋም ከቤተሰቡ ስም «ዳ»ው ቀርቶ ቶዮታ ተባለ።

ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት በሠራዊት የጭነት መኪና አሳለፈው፤ ከጦርነቱ የወጣው ደግሞ ባዶ ኪሱን ነው። በ1949 የአሜሪካ አስተዳደር በጃፓን ላይ የጣለው ጥብቅ የበጀት ቁጠባ ገበያውን ሲያደርቀው ኩባንያው ደመወዝ መክፈል ተሳነው። የጃፓን ባንክ የናጎያ ቅርንጫፍ ባንኮችን አስተባብሮ ብድር ባያፈላልግለት ኖሮ ታሪኩ እዚያው ያልቅ ነበር። ሠራተኛው ረጅም አድማ መታ፤ ብዙ ሰዎች ሥራቸውን ለቀቁ። ኪቺሮም ሰው አላባርርም ብሎ የገባው ቃል ስለፈረሰ በ1950 ከፕሬዚዳንትነቱ ወረደ። ከወረደ አንድ ወር ሳይሞላው የኮሪያ ጦርነት ፈነዳና የአሜሪካ ጦር የጭነት መኪና በገፍ አዘዘ። ኩባንያው ተረፈ፤ ኪቺሮ ግን ተመልሶ ወንበሩን ሳይዝ በ1952 በ57 ዓመቱ ሞተ። ከዚህ መከራ በኋላ ቶዮታ ለዕዳ ያለው ፍርሃትና ገንዘብ የመያዝ ልማዱ ለትውልድ ዘልቋል።

አሁን ሽመናው ተመልሶ የሚመጣበት ቦታ ላይ ደርሰናል። ታይቺ ኦኖ የተባለው መሐንዲስ ወደ መኪናው ፋብሪካ የተዛወረው ከቶዮዳ የሽመና ድርጅት ነው። አንድ ሰው ብዙ ማሽን ሲጠብቅ አይቶ ያደገ ሰው ወደ መኪናው ፋብሪካ ሲገባ ያየው አንድ ሰው አንድ ማሽን ላይ ቆሞ፣ አጠገቡ ደግሞ ማንም ያልጠየቀው ዕቃ ተቆልሎ ነው። ቶዮታ እንደ አሜሪካኖቹ መጋዘን ሙሉ መለዋወጫ የሚያከማችበት ገንዘብም ቦታም አልነበረውም። ኦኖ የአሜሪካን ሱፐርማርኬት አሠራር ወሰደ፦ ገዢ ከመደርደሪያው ያነሳው ያህል ብቻ ይተካል። በፋብሪካውም የኋለኛው ክፍል የሚፈልገውን ያህል ከፊተኛው ክፍል በካርድ ይጠይቃል፤ ካርድ ካልመጣ ማንም አንዲት ብሎን አያመርትም።

ሁለተኛው ነገር ያቺ የምትወድቀው ስስ ብረት ናት። በመገጣጠሚያው መስመር ርዝመት ከሠራተኞቹ ራስ በላይ ገመድ ተዘረጋ። በሩ አልገጥም ያለው፣ ብሎኑ የዞረበት፣ አንድ ነገር ያጠራጠረው ተራ ሠራተኛ ገመዱን ይስባል። ሰሌዳው ላይ የጣቢያው ቁጥር ይበራል፤ የቡድን መሪው ሮጦ ይደርሳል። መኪናው የዚያን ጣቢያ ክልል እስኪጨርስ መፍትሔ ካልተገኘ መስመሩ ይቆማል። በወቅቱ በዲትሮይት ፋብሪካዎች መስመር ማቆም ከሥራ የሚያስባርር ድፍረት ነበር፤ ብልሽቱ ይለፍና መጨረሻ ላይ ይጠገናል ነበር አስተሳሰቡ። በቶዮታ የሚያስወቅሰው ብልሽት አይቶ ማሳለፍ ሆነ። መስመሩ ከቆመ በኋላም ጥያቄው አያበቃም፤ የመጀመሪያው መልስ አይበቃም ተብሎ «ለምን?» አምስት ጊዜ ይጠየቃል። ፊውዝ ተቃጠለ ሲባል ፊውዝ ቀይሮ የሚሄድ ሰው ነገም ፊውዝ ሲቀይር ይገኛል፤ እየጠየቀ የሚወርድ ሰው የዘይት ፓምፑ ማጣሪያ እንደሌለው ይደርስበታል።

እነዚህ ነገሮች ሥር እስኪሰዱ ግን ዓመታት ወስዷል። በ1957 ወደ አሜሪካ የተላከው ክራውን በቶኪዮ መንገድ የተከበረ መኪና ነበር፤ በካሊፎርኒያ ፈጣን መንገድ ላይ ግን አቅም አጣ፣ ሞተሩም ይግል ነበር። ቶዮታ በ1960 ሽያጩን አቁሞ መኪናውን መልሶ ሊሠራ ወደ ቤቱ ገባ። ይህን ማድረግ የቻለ ኩባንያ መሆኑ ለእኔ ከስኬቶቹ ሁሉ ይበልጣል። በ1966 ኮሮላ ወጣ፤ የነደፈው ታትሱኦ ሃሴጋዋ በጦርነቱ ዘመን አውሮፕላን የሚሠራ መሐንዲስ ነበር። ተፎካካሪው የዳትሰን ሰኒ ባለ 1,000 ሲሲ መሆኑ ሲታወቅ ኮሮላን ባለ 1,100 አደረጉት። እስከ 2021 ድረስ ከ50 ሚሊዮን በላይ ኮሮላዎች ተሸጠዋል። ሃይስ በ1967፣ ሃይሉክስ በ1968 ተከተሉ። ላንድክሩዘር ከሁሉም ይቀድማል፦ በ1951 ለፖሊስ ተብሎ የተሠራው የመጀመሪያው ጂፕ የፉጂን ተራራ እስከ ስድስተኛው ጣቢያ ወጥቶ ነው አቅሙን ያሳየው።

ኢትዮጵያውያን ከቶዮታ ጋር የተዋወቅነው በእነዚሁ መኪኖች ነው። ሰማያዊና ነጭ የተቀባው ሚኒባስ ሃይስ ነው፤ አባዱላ የምንለውም ሃይስ ነው። የወረዳው አምቡላንስ፣ የክትባት መድኃኒት ቆላ የሚወርድበት መኪና፣ የዕርዳታ ድርጅቱ ሃርድ ቶፕ፣ ሁሉም ላንድክሩዘር ናቸው። ቪትዝ ለጃፓን ገበያ ተሠርቶ፣ መሪው ወደ ግራ ተዛውሮ፣ የአዲስ አበባ መካከለኛ ቤተሰብ የመጀመሪያ መኪና ሆነ። እዚህ አገር ቶዮታ መግዛት ገንዘብን ባንክ እንደማስቀመጥ የተቆጠረበት ዘመን ረጅም ነው፤ አምስት ዓመት ተነድቶ በተገዛበት ዋጋ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሚሸጥ ዕቃ ብዙ አይገኝም።

ለዚህ መከበር ምክንያቱ ተአምር አይደለም። በገጠር የሚሠራውን የ70 ተከታታይ ላንድክሩዘር እንውሰድ። በ1984 የወጣ መኪና ነው፤ መልኩ እስከዛሬ ብዙ አልተለወጠም። አካሉ በከባድ ሻንሲ ላይ ተቀምጧል፤ ከኋላ ባሌስትራ አለው። ለብዙ ዓመታት የተገጠመለት 4.2 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ ሞተር ተርቦ የለውም፤ በኮምፒውተር አይታዘዝም። ከአቅሙ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ሞተር ስለሆነ አይጨነቅም፤ ጥራቱ ዝቅ ያለ ናፍጣም ይችላል። ፍሪሲዮኑ ቢያልቅ ወይም ካምቢዮው ቢንኳኳ ወልድያም ነቀምትም የሚፈታው መካኒክ አለ፤ ዕቃው ደግሞ ሶማሌ ተራ ይገኛል፣ ኦርጅናሉም ማስመሰያውም። መኪና የሚመሰገነው ባለመበላሸቱ ብቻ አይደለም፤ ሲበላሽ ተስፋ ባለማስቆረጡም ጭምር ነው። ይህን የተረዱት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች መኪናቸውን በብዛት የሚገዙት ለዕርዳታ ድርጅቶች መኪና ከሚያቀርብ፣ ጂብራልታር ላይ ካለ የቶዮታ ነጋዴ ነው። ያው ጥንካሬ ለመልካም ሥራ ብቻ አልዋለም። በ1987 ቻድና ሊቢያ የተዋጉበት የመጨረሻ ምዕራፍ «የቶዮታ ጦርነት» የተባለው የቻድ ተዋጊዎች በፒክአፕ ሆነው ታንኮችን ስላሸነፉ ነው።

በ1989 የቅንጦት ስሙን ሌክሰስን ሲያስተዋውቅ፣ በ1997 መጨረሻ ደግሞ በቤንዚንና በባትሪ የሚሄደውን ፕሪየስን ሲያወጣ ቶዮታ የማይነካ መስሎ ነበር። በ2008 በሽያጭ ጄኔራል ሞተርስን አልፎ የዓለም አንደኛ ሆነ። ችግሩም እዚያው ተጠንስሷል። በነሐሴ 2009 ሳንዲያጎ አቅራቢያ አንድ ሌክሰስ የነዳጅ ፔዳሉ በእግር ምንጣፍ ተይዞ አልቆም ብሎ አራት ሰዎች ሞቱ። በዚያና ወደ ቦታው በማይመለስ ፔዳል ምክንያት በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ መኪኖች ተጠሩ። በየካቲት 2010 የመሥራቹ የኪቺሮ የልጅ ልጅ አኪዮ ቶዮዳ በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ፤ ኩባንያው ሰውና አሠራሩን ከሚያሳድግበት ፍጥነት በላይ አድጎ እንደነበርም አመነ። የአሜሪካ መንግሥት ከናሳ ጋር ያደረገው ምርመራ በኤሌክትሮኒክሱ ላይ ጥፋት አላገኘም። ቢሆንም በ2014 ቶዮታ ለ1.2 ቢሊዮን ዶላር ቅጣት የተስማማው የምንጣፉንና የፔዳሉን ችግር መጠን ለሕዝብ አሳንሶ በመናገሩ ነው። ብልሽት ያየ ሁሉ ገመድ እንዲስብ ያስተማረ ኩባንያ ላይኛው ፎቅ ላይ ገመዱን ሳይስብ ቀረ ማለት ነው፤ ከፔዳሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። በ2022 የጭነት መኪና አምራቹ ሂኖ የሞተር ጭስ መረጃ ለዓመታት ሲያጭበረብር መኖሩ ተገለጠ። በ2023 መጨረሻ ትናንሽ መኪኖች የሚሠራው ዳይሃትሱ የደኅንነት ፍተሻ ውጤት ማዛባቱ ታወቀና ምርቱን አቆመ። በወቅቱ ሁለቱም የቶዮታ ቤተሰብ ነበሩ። በሰኔ 2024 ቶዮታ ራሱ በአንዳንድ ሞዴሎቹ ላይ ፍተሻውን ደንቡ በሚያዘው መንገድ አለማካሄዱን አምኖ የሦስቱን ምርት ለጊዜው ገታ። መኪኖቹ አደገኛ ናቸው አልተባለም፤ ግን ጥድፊያው የምርመራ ክፍሉንም ደርሶበታል። ያም ሆኖ ገዢው አልሸሸም፤ ከ2020 ጀምሮ ቶዮታ በየዓመቱ በሽያጭ የዓለም አንደኛ ነው።

ቀጣዩ ፈተና ባትሪ ነው። ቶዮታ ቀላቅሎ በሚሄደው ፕሪየስ ቀድሞ በሙሉ ኤሌክትሪክ መኪና ወደ ኋላ ቀረ። በ2022 ያወጣው ቢዜድ4ኤክስ ገበያ በገባ በሳምንታት ውስጥ የጎማ ብሎኑ ሊላላ ይችላል ተብሎ ተጠራ። ኢትዮጵያ ደግሞ በ2024 በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከለከለች። ስለዚህ አሮጌዎቹ ኮሮላና ቪትዝ አሁንም ዋጋቸውን ይዘው ሲሸጡ፣ አዲስ የሚገባው መኪና በአብዛኛው የቻይና ነው። ሶማሌ ተራ ያለው የመለዋወጫ ክምችት፣ ሁለት ትውልድ የተማረው የናፍጣ ሞተር ሙያ፣ ባሌስትራና ሻንሲ ያተረፉለት ስም ለኤሌክትሪክ መኪና አይሻገሩም። ባትሪው ስንት ዓመት ይቆያል፣ ሲደክምስ ማን ይጠግነዋል ለሚል ገዢ ቶዮታም እንደ ማንኛውም አዲስ ገቢ ከመጀመሪያው ጀምሮ መልስ መስጠት ይኖርበታል።