በአንድ ሴኮንድ 25 ሥዕሎች፤ አኒሜሽን ከአዲስ አበባ ስቱዲዮ እስከ ራቤል

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕዝብ ግንኙነት የሥራ ዕቅዶች ውስጥ «አኒሜሽን» እና «ሞሽን ግራፊክስ» የሚሉት ቃላት እየተለመዱ መጥተዋል። ስለ ክትባት፣ ስለ ግብር አከፋፈል ወይም ስለ ንጹሕ ውኃ አጠቃቀም ለኅብረተሰቡ ግንዛቤ ለማስጨበጥ ሲታሰብ፣ የ30 ሴኮንድ ወይም የአንድ ደቂቃ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ማሠራት እንደ አንድ አማራጭ ይቀርባል። ይሁን እንጂ ሥራውን የሚያዝዘው፣ ክፍያውን የሚያጸድቀውና ውጤቱን የሚረከበው ኃላፊ ስለ አሠራሩ ያለው ግንዛቤ ብዙውን ጊዜ ከስሙ ባለማለፉ፣ የሕዝብ ገንዘብ የወጣበት መልእክት ከታሰበለት ሰው ዘንድ ሳይደርስ የሚቀርበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም።

አኒሜሽን በጥቅሉ ሕይወት የሌለውን ሥዕል፣ ቅርጽ ወይም አሻንጉሊት በተከታታይ ምስሎች አማካይነት የሚንቀሳቀስ አስመስሎ የማቅረብ ሙያ ነው። ሞሽን ግራፊክስ የሚባለው የዚሁ ዘርፍ ሲሆን፣ ገጸ ባሕርይና ታሪክ ሳይኖረው ፊደልን፣ ቁጥርን፣ ካርታንና ምልክትን በማንቀሳቀስ ላይ ያተኩራል። የዜና መግቢያው፣ በምርጫ ጊዜ የሚወጣው ሠንጠረዥ፣ በማስታወቂያ መጨረሻ ላይ የሚሽከረከረው የድርጅት ዓርማ ሁሉ የዚህ ሙያ ውጤቶች ናቸው።

የሥራውን ክብደት ለመረዳት ጥቂት ስሌት ይበቃል። በአገራችን የቴሌቪዥን ሥርጭት በሚታወቀው የፓል ሥርዓት አንድ ሴኮንድ 25 ምስሎችን ይይዛል። በመሆኑም የ30 ሴኮንድ ማስታወቂያ የ750 ምስሎች ድምር ነው ማለት ነው። ሠዓሊው አንዱን ሥዕል ለሁለት ምስል እንዲያገለግል ቢያደርገው እንኳ፣ በእጅ ለሚሣል ሥራ 375 ሥዕሎች ያስፈልጉታል። ኮምፒዩተር ይህን ድካም አቃልሎታል። ሠዓሊው የመነሻውንና የመድረሻውን ሁኔታ ከወሰነ፣ በመካከል ያለውን እንቅስቃሴ ማሽኑ ራሱ ያሰላዋል። እ.ኤ.አ. በ1993 ለገበያ የቀረበው አፍተር ኢፌክትስ የተባለው ሶፍትዌር ለሞሽን ግራፊክስ ሙያ መስፋፋት ምክንያት ሆኗል። ብሌንደር የተሰኘው ባለ ሦስት አውታር ሥዕል መሥሪያም እ.ኤ.አ. በ2002 በነፃ ለሁሉም ክፍት በመሆኑ፣ የፈቃድ ክፍያ ለሚከብዳቸው ትንንሽ ስቱዲዮዎች በር ከፍቷል።

ማሽኑ የማያቃልለው ነገር ግን አለ፤ እርሱም የአሠሪው ሐሳብ መለዋወጥ ነው። በተንቀሳቃሽ ሥዕል ሥራ በመጀመሪያ ጽሑፉ ይጸድቃል፤ ቀጥሎ ታሪኩ በትንንሽ ሥዕሎች ተከፋፍሎ ስቶሪቦርድ ይዘጋጃል፤ ከዚያ ድምፅ ይቀረጻል፤ እንቅስቃሴው የሚሠራው ከድምፁ በኋላ ነው። የገጸ ባሕርይው አፍና እጅ ከተቀረጸው ቃል ርዝመት ጋር የሚገጣጠሙ በመሆናቸው፣ ሥራው ካለቀ በኋላ «ይህች ዓረፍተ ነገር ትስተካከል» የሚል የአንድ ኃላፊ አስተያየት ቢመጣ፣ እንደ ደብዳቤ እርማት በአንድ ሰዓት የሚያልቅ አይሆንም። ኃላፊዎች አስተያየታቸውን አጠናቀው መስጠት የሚገባቸው በስቶሪቦርዱ ላይ ሳሉ ነው። በተግባር የሚታየው ግን ስቶሪቦርዱን ማንም ሳያየው ማለፉና ሁሉም በምረቃው ዋዜማ አስተያየት ሰጪ መሆኑ ነው።

ሥዕልን ለገጠሩ ኅብረተሰብ ትምህርት ማዋል አዲስ ሐሳብ አይደለም። ካናዳዊው የአኒሜሽን ባለሙያ ኖርማን ማክላረን እ.ኤ.አ. በ1949 በዩኔስኮ አማካይነት ወደ ምዕራብ ቻይና ተጉዞ፣ ለገጠር ጤና ትምህርት የሚያገለግሉ ሥዕሎችንና ፊልሞችን እንዲያዘጋጁ የአገሩን ሠዓሊያን አሠልጥኗል። በአፍሪካም በግብፅ የፍሬንኬል ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ፣ በኒጀር ደግሞ ሙስጠፋ አላሳን በ1960ዎቹ የሠሯቸው ፊልሞች የዘርፉ ፋና ወጊዎች ተብለው ይጠቀሳሉ።

በአገራችን ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም ሥርጭቱን ከጀመረ ወዲህ የሕፃናት ዝግጅት ሲነሳ ለአራት አሥርተ ዓመታት ያህል የሚታወሰው የአባባ ተስፋዬ፣ የአርቲስት ተስፋዬ ሣህሉ፣ ተረት ነው። በዚያ ዝግጅት ሥዕሉን የሚሠራው የአድማጩ አእምሮ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣውን ለውጥ የሚያሳየው ግንባር ቀደም ምሳሌ፣ መምህርት የነበሩት ወይዘሮ ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 በአዲስ አበባ ያቋቋሙት ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ ነው። ድርጅቱ ያዘጋጀው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘው፣ ፀሐይ የምትባል ትንሽ ቀጭኔን ዋና ገጸ ባሕርይ ያደረገው ዝግጅት እ.ኤ.አ. በ2006 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። በ2008 በጃፓን በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የትምህርታዊ ፕሮግራሞች ውድድር ተሸላሚ ሲሆን፣ አዘጋጇም በ2010 የሮሌክስ የወጣቶች ሽልማት ተቀብለዋል። ድርጅቱ ከዚያ ወዲህ ያቀረበው «ጥበብ ገርልስ» የተሰኘው የአኒሜሽን ተከታታይ ፊልም ፍቅር፣ ትዕግሥት እና ፍትሕ የተባሉ ሦስት ልጃገረዶችን ልዩ ኃይል ያላቸው ጀግኖች አድርጎ ያለ ዕድሜ ጋብቻንና የወር አበባን የመሳሰሉ በአደባባይ የማይነገሩ ጉዳዮችን ያነሳል። ሥዕል ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ የተለየ ብልጫ አለው፤ በእውነተኛ ልጅ ፊት ቢታይ የሚያሳፍረውን ነገር የተሣለች ልጅ ልትናገረው ትችላለችና።

የንግድ ማስታወቂያው ገበያ ሌላ መንገድ ተጉዟል። የቢራ ፋብሪካዎች ከታላላቆቹ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ አሠሪዎች መካከል የነበሩ ሲሆን፣ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ በቴሌቪዥንና በራዲዮ እንዳይተላለፍ በመከልከሉ፣ ይህ የገቢ ምንጭ ተቋርጧል። ከዚያ ወዲህ መሥሪያ ቤቶችና የልማት ድርጅቶች በዘርፉ ደንበኝነት ያላቸው ቦታ ከፍ ብሏል ማለት ይቻላል።

በዚህ ሥራ ውስጥ የቋንቋችን ጉዳይ ሰፊ ሥፍራ ሊሰጠው ይገባል። በውጭ አገር የሚሠሩ ገጸ ባሕርያት አፍ የሚሣለው ለእንግሊዝኛ ድምፆች በተዘጋጀ ሠንጠረዥ ነው። ለአማርኛ ግን የፊደል ገበታው ራሱ ሠንጠረዥ ሆኖ ሊያገለግል ይችላል። በካዕብና በሳብዕ ከንፈር ይሞጠሞጣል፤ በራብዕ አፍ ወለል ብሎ ይከፈታል፤ በሣልስና በኃምስ ከንፈር ወደ ጎን ይለጠጣል፤ በሳድስ አፉ ገርበብ ብሎ ይቀራል። በ፣ መ እና ጰ ሲባሉ ከንፈር የግድ ይገጥማል፤ ፈ ሲባል የላይ ጥርስ የታች ከንፈርን ይነካል። ይህን የሚያውቅ ሠዓሊ ከስምንት በማይበልጡ የአፍ ሥዕሎች ማናቸውንም የአማርኛ ንግግር ሊያናግር ይችላል። የሌላ ቋንቋ ሥዕል ላይ የአማርኛ ድምፅ ሲለጠፍ ግን «እማማ» እያለ ከንፈሩ የማይገጥም ገጸ ባሕርይ ይወጣል። ተመልካቹ ስሕተቱን ለይቶ ባይናገርም ባዕድነቱ ይሰማዋል።

የጽሑፉም ጉዳይ እንዲሁ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ ቢካተትም፣ በቀድሞዎቹ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች የተዘጋጁ ሰነዶች አሁንም በየቢሮው አሉ። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ወደ ስቱዲዮ ሲላክ ፊደሉ ተለውጦ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል፤ ስቱዲዮውም በድጋሚ ሲተይበው ስሕተት ይገባበታል። የአንድን ሚኒስቴር ስም በቴሌቪዥን ተሳስቶ ከማየት፣ ጽሑፉን በዩኒኮድ አዘጋጅቶ መላክ ይቀላል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚወጡ ሥዕሎችም የግዕዝን ፊደል ብዙ ጊዜ አዛብተው የሚሥሉ በመሆናቸው ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻሉ።

ከሁሉ በላይ ግን ሥዕሉ የማን አገር ሥዕል ነው የሚለው ጥያቄ አለ። የግሼ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ራቤል በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በመንዝና በግሼ ደጋ የገበሬው ኑሮ በገብስና በበግ ላይ የቆመ ነው። ወንዶች ከበግ ጠጉር ባና ይሠራሉ፤ ሴቶች ጠጉሩን ይፈትላሉ። ለዚህ ሕዝብ ስለ እንስሳት ክትባት የሚነገር አኒሜሽን በሰፊ የጤፍ ማሳ መካከል የቆመ፣ በስስ ልብስ የሚሄድ ገበሬና የወተት ላም ቢያሳይ፣ ተመልካቹ መልእክቱ ለሌላ አገር ሰው መሆኑን ወዲያው ይረዳል። የመንዝን በግ በአጭር ጅራቱና በጠጉራም ገላው ለይቶ መሣል ለሠዓሊው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ይህንን የሚነግረው ግን ያስፈልጋል፤ ሊነግረው የሚችለውም ወረዳውን የሚያውቀው የልማት ሠራተኛ እንጂ የአዲስ አበባው አሠሪ አይደለም።

ካሜራ የማይደርስበትን ነገር በማሳየት በኩልም አኒሜሽን ለዚህ አካባቢ የሚሰጠው ጥቅም ከፍ ያለ ነው። ለአብነት ያህል የመንዝ ሕዝብ የጓሳን ሣር በቄሮ ሥርዓት ለዘመናት ጠብቆ ኖሯል። በዚህ ሥርዓት ሥፍራው ለሦስት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ይዘጋና ሣሩ ሲደርስ ለአጨዳና ለግጦሽ ይከፈት ነበር። ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ የቆመ ሲሆን፣ ሥፍራው ዛሬ በማኅበረሰብ የሚጠበቅ የጭላዳና የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነው። የአምስት ዓመት ክልከላ ለሣሩ፣ ለምንጩና ለአፈሩ ምን እንደሚያደርግ በካሜራ ለማሳየት አምስት ዓመት መጠበቅ ይጠይቃል። በተንቀሳቃሽ ሥዕል ግን በ40 ሴኮንድ ይታያል፤ ሥሩ ከመሬት በታች ሲሰድድ፣ ውኃው ሲሰርግ ጭምር።

ለዚህ ሁሉ መያዣው ውሉ ነው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት በውል የተሠራ ሥራ ባለቤትነት፣ በስምምነት ካልተለወጠ በቀር፣ የአሠሪው ነው። ባለቤት መሆንና ሥራውን እንደገና መጠቀም መቻል ግን የተለያዩ ናቸው። ስቱዲዮው ያለቀውን ቪዲዮ ብቻ ካስረከበ፣ በሚቀጥለው ዓመት አንድ የስልክ ቁጥር ለመቀየር እንኳ ሥራው ከአዲስ ይጀመራል። ስለዚህ በቢጋሩ ላይ ከቪዲዮው ሌላ ያልተጨመቁ የሥራ ፋይሎች፣ የገጸ ባሕርያቱ ሥዕሎች፣ ድምፁና ሙዚቃው በየብቻቸው፣ እንዲሁም ጽሑፍ የሌለበት ቅጂ እንዲካተቱ መደረግ ይኖርበታል። ጽሑፍ የሌለበት ቅጂ በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች ለማዘጋጀት ይረዳል። ለእጅ ስልክ የሚሆን፣ ፊደሉ ጎላ ያለና መጠኑ የቀነሰ ቅጂ ደግሞ ከወረዳ ማዕከል ርቀው ለሚገኙ ቀበሌዎች አስፈላጊ ነው፤ ፊልሙ በልማት ሠራተኛው ስልክ ከቴሌቪዥን ይልቅ ርቆ ሊሄድ ይችላልና።