አረጋውያንን ወደ ቤታቸው የመመለስ ሳይንስ

አንድ አረጋዊ የጭናቸው አጥንት ተሰብሮ ሆስፒታል ቢገቡ፣ ቀዶ ሕክምናው ቢሳካና ቁስሉም ቢደርቅ፣ ድነዋል ማለት ይቻላልን? የቀዶ ሐኪሙ መልስ «አዎን» ሊሆን ይችላል። ነገር ግን እኒሁ ሰው ከመጸዳጃ ቤት መቀመጫ ብቻቸውን መነሣት፣ ጫማቸውን ማጥለቅ ወይም ምድጃቸውን አጥፍተው መተኛት ካልቻሉ፣ የዳነው አጥንታቸው እንጂ ኑሯቸው አይደለም። በአጥንትና በኑሮ መካከል ባለው በዚህ ክፍተት ውስጥ የሚሠራው ሙያ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ይባላል። ስሙ በአገራችን እምብዛም ያልተለመደ በመሆኑ ብዙ ጊዜ ከፊዚዮቴራፒ ጋር ይምታታል። ፊዚዮቴራፒ በዋናነት የሰውነትን እንቅስቃሴና ጥንካሬ ሲመለከት፣ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ግን ሰውየው በዚያ እንቅስቃሴ ምን ሊሠሩበት እንደሚሹ ይጠይቃል። በዚህ ጽሑፍ ሙያው ረጅም ታሪክ ካለው ከብሪታንያ ምሳሌ እየወሰድን፣ በአረጋውያን ማገገሚያ ክፍል የሚሠራ ከፍተኛ ባለሙያ ምን እንደሚሠራና ሥራው በምን ሳይንስ ላይ እንደቆመ እንመለከታለን።

እ.ኤ.አ. በ1930 ዶክተር ኤልሳቤጥ ካሰን በብሪስቶል ከተማ ዶርሴት ሀውስ የተባለውን የብሪታንያ የመጀመሪያ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ከ5 ዓመታት በኋላ፣ በ1935፣ ዶክተር ማርጆሪ ዋረን በለንደን አቅራቢያ በሚገኘው ዌስት ሚድልሴክስ ሆስፒታል ከ700 በላይ ሕሙማንን ተረከቡ። አብዛኞቹ «አይድኑም» ተብለው በአልጋ ላይ የተተዉ አረጋውያን ነበሩ። ዶክተሯ እያንዳንዳቸውን መርምረው በየሕመማቸው ለዩ፤ ብዙዎቹን ከአልጋ አስነሡ፤ ከፊሎቹንም ወደ ቤታቸው ሸኙ። በ1947 ደግሞ ሐኪሙ ሪቻርድ አሸር የአልጋ ዕረፍት ራሱ አደጋ እንደሆነ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ አሳተሙ።

ማስጠንቀቂያው በኋላ በመለኪያ ተረጋግጧል። በ2007 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 11 ጤነኛ አረጋውያን ለ10 ቀናት አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደርጎ ነበር። በዚህ አጭር ጊዜ ከእግራቸው 1 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ስብ አልባ ሥጋ አጡ፤ ጉልበትን የመዘርጋት ኃይላቸውም 16 በመቶ ያህል ቀነሰ። እነዚህ ጤነኞች እንደነበሩ አንባቢ ልብ ይበል። በተጨማሪም ሰው ሲቆም ደም በስበት ኃይል ወደ እግሩ ይወርዳል፤ ጤነኛ አካል ወዲያውኑ የደም ሥሮችን በማጥበብና የልብ ምትን በማፍጠን ግፊቱን ይጠብቃል። ለቀናት የተኛ ሰው ግን የደሙ ፈሳሽ መጠን ይቀንሳል፤ ይህ ምላሽም ይዳከማል። ከቆመ በኋላ በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው የደም ግፊት በ20 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ፣ ራስን ማዞርና መውደቅ ሊከተል ይችላል። በመሆኑም ባለሙያዋ በሽተኛውን ከአልጋ ጠርዝ ላይ አስቀምጣ ሁኔታቸውን ሳታይ ወደ መታጠቢያ ቤት አትወስዳቸውም።

ከወንበር መነሣት ለወጣት ሰው ሐሳብ እንኳ የማይጠይቅ ድርጊት ነው፤ ነገር ግን ትክክለኛ የፊዚክስ ጥያቄ ነው። ተቀምጠን ሳለ የክብደታችን ማዕከል የሚገኘው ከእግሮቻችን ኋላ ነው። ለመነሣት ይህ ማዕከል ወደ እግሮቻችን በላይ መምጣት አለበት፤ ስለዚህ እግርን ወደ ኋላ መሳብ፣ ደረትንም ወደ ፊት ማዘንበል ያስፈልጋል። ወንበሩ ዝቅ ባለ ቁጥር ጉልበት ይበልጥ ይታጠፋል፤ የጭን ጡንቻም ሰውነትን ለማንሣት የበለጠ ኃይል ማውጣት ይኖርበታል። ባለሙያዋ ከወለሉ እስከ ጉልበት እጥፋት ያለውን ርቀት በሜትር የምትለካው በዚህ ምክንያት ነው። ወንበሩን በጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ፣ ጡንቻ እስኪጠነክር ሳይጠበቅ አንድን ሰው ዛሬውኑ ራሱን ችሎ እንዲነሣ ሊያደርገው ይችላል። በእኔ አስተያየት ከዚህ የበለጠ ርካሽ ሕክምና በሆስፒታል ውስጥ ማግኘት ያዳግታል።

በማገገሚያ ክፍሎች አብዛኛውን ጊዜ አንድ አነስተኛ ወጥ ቤት ይኖራል። በዚያ ባለሙያዋ በሽተኛዋን «እስቲ ሻይ ያፍሉልን» ትላቸዋለች። ጨዋታ የሚመስለው ይህ ነገር ምርመራ ነው። ቧንቧውን ለመክፈት ጣት፣ አንድ ሊትር ውኃ የያዘ ማንቆርቆሪያ ለማንሣት ክንድ፣ ቅደም ተከተሉን ለመያዝ ትውስታ ያስፈልጋል። ሻዩ ከተፈላ በኋላ ደግሞ በሁለት እጅ የሚያዝ የመራመጃ ድጋፍ የሚጠቀሙ ሰው ትኩሱን ስኒ በየትኛው እጃቸው ይሸከማሉ? መፍትሔው ባለ ጎማ ጠረጴዛ ሊሆን ይችላል። ዴሊሪየም የተባለው ድንገተኛ የአእምሮ መታወክ ከሰዓት ሰዓት ስለሚለዋወጥ፣ በአንድ ጧት ብቻ የተገኘ ውጤት አያስተማምንም። የምርመራው መሣሪያም ለሰውየው እንግዳ መሆን የለበትም። በለንደን የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና ሲያፈሉ የኖሩ ኢትዮጵያዊት እናት በማያውቁት ማንቆርቆሪያ ቢፈተኑ የሚለካው አእምሯቸው ሳይሆን እንግድነታቸው ይሆናል።

ወጣት ባለሙያ እስከዚህ ያለውን በሚገባ ሊሠራ ይችላል። ከፍተኛዋ ባለሙያ ረዳቶችንና ጀማሪዎችን ከመምራቷ ባሻገር፣ ውስብስቡ ጉዳይ የሚመጣው ወደ እርሷ ነው። ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሁለት ጊዜ የወደቁ የ84 ዓመት እናት ወደ ቤቴ እመለሳለሁ ቢሉ፣ ልጃቸው ደግሞ በአረጋውያን መጦሪያ እንዲገቡ ቢፈልግስ? የክፍሉ አልጋ ለሌላ በሽተኛ ይፈለጋል፤ ሐኪሙም ውሳኔ ይጠብቃል። በእንግሊዝና በዌልስ የሚሠራው የ2005 የአእምሮ ብቃት ሕግ፣ አንድ ሰው ጥበብ የጎደለው ውሳኔ ስለወሰነ ብቻ የመወሰን ብቃት የለውም ሊባል እንደማይገባ ይደነግጋል። ስለሆነም የባለሙያዋ ጥያቄ «አደጋ አለን?» ብቻ አይደለም፤ እኒህ እናት አደጋውን ተረድተውታልን፣ ተረድተው ከመረጡስ እንዴት ሊቀነስ ይችላል የሚለው ነው።

ለዚህ አንዱ መንገድ ቤቱን ሄዶ ማየት ነው። በ1999 በአውስትራሊያ፣ በሲድኒ ከተማ፣ 530 አረጋውያንን ያሳተፈ ጥናት ታትሞ ነበር። የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያ ቤታቸውን ጎብኝቶ ምንጣፍ፣ መብራትና ደረጃ እንዲስተካከል ካደረገላቸው መካከል፣ ቀደም ባለው ዓመት ወድቀው በነበሩት ላይ የመውደቅ አደጋው በ36 በመቶ ቀነሰ። አስገራሚው ነገር ከቤት ውጭም መውደቅ መቀነሱ ነው። በመንገድ ላይ ምንጣፍ የለምና፣ የተለወጠው ቤቱ ብቻ ሳይሆን የሰዎቹ ጥንቃቄ ጭምር ሳይሆን አይቀርም። ጉብኝት ሁሉ ግን ይህን ያህል ፍሬ አያፈራም። በ2016 በታተመ ሌላ የአውስትራሊያ ጥናት፣ 400 በሽተኞች ላይ የቤት ጉብኝት የተጨመረበት ዝግጅት በሆስፒታል ውስጥ ብቻ ከሚሰጠው ምክር በዕለታዊ ኑሮ ረገድ የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። ስለዚህ ማንን መጎብኘት እንደሚገባ መምረጥ የከፍተኛዋ ባለሙያ ኃላፊነት ነው።

በአገራችን የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በዚህ ሙያ የዲግሪ ትምህርት ጀምሯል። ተማሪዎቹ የሚጠብቃቸው ሥራ የለንደኑ ግልባጭ አይደለም። በ1965 የታተመውና በብዙ አገሮች የሚሠራበት የባርቴል መለኪያ ስለ መመገብ፣ ስለ መልበስ፣ ደረጃ ስለ መውጣት ይጠይቃል፤ ውኃ ስለ መቅዳት ወይም ከዝቅተኛ በርጩማ ስለ መነሣት አይጠይቅም። ቁጢጥ ተብሎ በሚጠቀሙበት መጸዳጃ ቤት ጉልበት እስከ መጨረሻው ይታጠፋል፤ የጭን አጥንታቸው ለተሰበረ አረጋዊ ይህ ከማንኛውም ደረጃ የከበደ ነው። መቀመጫው መሐሉ የተቀደደ፣ ቁመቱ በባለቤቱ ጉልበት ልክ የተቆረጠ የእንጨት ወንበር ግን የሰፈር አናጢ ሊሠራው ይችላል፤ አናጢው ልኩን የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል።