ስለ ናና ችግኝና ከምድር ስለሚያገኘው ምግብ

በምዕራብ ጎጃም ዝናሙ ብዙ፣ ሜዳውም ለምለም ስለ ሆነ፣ የተተከለ ሁሉ ያለ ድካም ይበቅላል የሚል አሳብ በብዙዎች ዘንድ አለ። ነገር ግን በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባለው ቀይ አፈር ላይ ችግኝ ሳይደርቅ፣ ሳያድግም ቀጭጮ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ምክንያቱን ለማስረዳት በየጓሮው የሚተከለው ናና መልካም ምሳሌ ነው።

ጆን ውድዋርድ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1699 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ፣ ናናን በልዩ ልዩ ውኃ አኑሮ በ77 ቀን የጨመረውን ክብደት ገለጠ። በዝናም ውኃ የነበረው 17 ግሬን ተኩል፣ በቴምዝ ወንዝ ውኃ የነበረው 26 ግሬን ጨመረ፤ 15 ግሬን አንድ ግራም ያህል ነው። በሌላም ጊዜ የአትክልት አፈር በውኃው ቢጨምርበት፣ ናናው ከሁሉ በልጦ አደገ። በ1860 ዓ.ም. ገደማም ዛክስና ክኖፕ የተባሉ የጀርመን ሊቃውንት ተክልን ያለ አፈር፣ ጨው በሟሟበት ውኃ ብቻ አሳደጉ። ስለዚህ ተክል ከምድር የሚሻው ጥቂት ማዕድን ቢሆንም፣ ያለዚያ ሊያድግ እንዳይችል ታወቀ።

ከማዕድኖቹም ፎስፎረስ ሥርን ያበረታል፤ ሲጎድል ችግኙ ይቀጭጫል፣ ቅጠሉም ይጠቁራል ወይም ወደ ሐምራዊ ያደላል። ናይትሮጂን ቅጠልን ያበዛል፤ ሲጎድል የታችኛው ቅጠል አስቀድሞ ይገረጣል። ፖታሲየም ሲያንስ የአሮጌው ቅጠል ጠርዝ እንደ ተቃጠለ ይሆናል። ሆኖም ሥር ባላወጣ ቁራጭ ላይ ብዙ ማዳበሪያ ቢደረግ፣ ጨውነቱ ለጋውን ሥር ይጎዳዋል።

የቀዩ አፈር ችግር ግን ከዚህ ይለያል። ብዙ ዝናም ኖራነት ያለውን ማዕድን አጥቦ ስለሚወስድ አፈሩ ይኮመጥጣል፤ በውስጡ ያሉት ብረትና አሉሚኒየምም ፎስፎረሱን አጥብቀው ይይዙታል፤ አሉሚኒየሙ ደግሞ የሥሩን ጫፍ ያደነድነዋል። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ገበሬው በብድር የገዛውን ማዳበሪያ ቢበትን፣ ገንዘቡ ከአፈሩ ጋራ ታስሮ ይቀራል፤ ዕዳው ግን አይቀርለትም።

እንግዲህ የወረዳ ሹማምንት ማዳበሪያ ከማደላቸው በፊት አፈሩን ማስመርመር ይገባቸዋል። ኮምጣጣ ሆኖ ሲገኝ፣ በምርመራው ልክ የተፈጨ ኖራ ከተከላው አንድ ወር ያህል አስቀድሞ ተበትኖ ከአፈሩ ጋራ ይታረስ። ለጓሮ መደብ የበሰለ ፍግና ጥቂት አመድ ይረዳል። ማዳበሪያ ከዚህ በኋላ ቢጨመር ዋጋውን ይመልሳል፤ ለናና የሚበጀው ይህ ሥርዓት ለበርበሬና ለበቆሎም ይበጃል።